አናቶሚን በችግር ተኮር ትምህርት ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕክምና ትምህርት ቤቶች በገለጻ ላይ ከተመሠረተ ሥርዓተ ትምህርት ወደ ችግር ተኮር ትምህርት ሲሸጋገሩ፣ ከመሠረታዊ ሳይንሶች ሁሉ ይልቅ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው አናቶሚ፣ ማለትም የአካል አወቃቀር ጥናት፣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከመምህራን፣ ከሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችና ከተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚቀርቡ ናቸው። መልሶቹ ዘዴውን ከሚደግፍ፣ ነገር ግን የአስከሬን ክፍሉ እንዲዘጋ ከማይፈልግ ወገን የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅማል።

ችግር ተኮር ትምህርት ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ተማሪዎች ገና ያልተማሩት ጉዳይ በታማሚ ታሪክ መልክ ይቀርብላቸውና፣ ያንን ታሪክ ለማብራራት ምን ማወቅ እንዳለባቸው ራሳቸው ለይተው፣ አጥንተው፣ ተመልሰው የሚወያዩበት የማስተማር ዘዴ ነው። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ገለጻ ከተሰጠ በኋላ በማሳረጊያው ላይ የታማሚ ታሪክ ማቅረብ ጥሩ ልማድ ቢሆንም ችግር ተኮር ትምህርት አይባልም፤ ምክንያቱም ተማሪው የሚያደርገው የሰማውን ማዛመድ እንጂ የሚጎድለውን መፈለግ አይደለም።

ዘዴው በሕክምና ትምህርት ውስጥ መልክ የያዘው በካናዳ የሚገኘው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያዎቹን የሕክምና ተማሪዎች ሲቀበል ነው። ከዘዴው ቀራጮች አንዱ የሆኑት የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ ያሳሰባቸው ነገር፣ ተማሪዎች የመሠረታዊ ሳይንስ ፈተናዎችን ካለፉ በኋላ ታማሚ ፊት ሲቆሙ ያንኑ እውቀት አውጥተው ሊጠቀሙበት አለመቻላቸው ነበር። በ1974 ማስተማር የጀመረው የኔዘርላንዱ የማስትሪክት የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ ውይይቱን በ7 እርከኖች ከፋፈለው፤ እነዚህም ያልታወቁ ቃላትን ማብራራት፣ ችግሩን ለይቶ መግለጽ፣ በቡድኑ ውስጥ ያለውን እውቀትና ግምት ሁሉ ማውጣት፣ የወጡትን ማብራሪያዎች ማደራጀት፣ የመማር ዓላማዎችን መቅረጽ፣ በግል ማጥናትና በመጨረሻም የተገኘውን ለቡድኑ አቅርቦ መፈተሽ ናቸው። ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ተማሪዎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 5 እርከኖች በአንድ ስብሰባ ይጠናቀቃሉ፤ 7ኛው ከጥቂት ቀናት የግል ጥናት በኋላ በሚደረግ ሁለተኛ ስብሰባ ይከናወናል።

አናቶሚን በዚህ ዘዴ ማስተማር ከሌሎቹ መሠረታዊ ሳይንሶች ይልቅ የሚከብደው ለምንድን ነው?

በፊዚዮሎጂ ብዙ ነገር በአመክንዮ ይደረስበታል። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ልቡ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚመታ፣ ጥቂት መነሻ ያለው ተማሪ አስቦ ሊያገኘው ይችላል። የእጅ አንጓን የሚሠሩት 8 ትናንሽ አጥንቶች ስምና አሰላለፍ ግን የቱንም ያህል ቢታሰብ በማሰብ ብቻ አይገኝም። በዚህ የተነሣ ልጓም ያልተበጀለት ውይይት ወደ በሽታው አመጣጥና ወደ ሕክምናው ይነጉዳል፤ አናቶሚው ደግሞ በመማር ዓላማዎች ዝርዝር ላይ «የእጅን አናቶሚ ማንበብ» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። ይህ መስመር በሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ያየ ቱተር፣ ማለትም የቡድኑን ውይይት የሚመራ መምህር፣ ስብሰባው ገና እንዳላለቀ ሊገነዘብ ይገባል። «የእጅን አናቶሚ ማንበብ» ጥያቄ አይደለም፤ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃም ማንም አያውቅም።

ሌላው ምክንያት የቦታ ጉዳይ ነው። ቡድኑ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በቃላት ይወያያል፤ አናቶሚ ግን ከፊትና ከኋላ፣ ከላይና ከታች፣ ከቆዳ ሥር ምን ያህል ጠልቆ የሚሉትን ነገሮች በዓይንና በእጅ መያዝን ይጠይቃል። በቃላት ብቻ የተካሄደ የአናቶሚ ውይይት፣ ሁሉም የተግባባ መስሎት እያንዳንዱ የተለየ ሥዕል በአእምሮው ይዞ የሚወጣበት ውይይት ነው።

ለአናቶሚ የሚሆን ጥሩ ችግር ምን ይመስላል?

ጥሩ ችግር ማለት አወቃቀሩ ካልታወቀ በቀር ሊብራራ የማይችል ችግር ነው። አንድ ምሳሌ ዘርዘር አድርገን እንመልከት።

የ34 ዓመት ሰው ከሞተር ብስክሌት ላይ ወድቆ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመጣል። የላይኛው ክንዱ መሐል አብጧል፤ ሲነካም ያመዋል። እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፉን ወደ መሬት እንዲያደርግ ሲጠየቅ አንጓው ወደ ታች ይወድቃል፤ ቀና ሊያደርገው አይችልም። ክርኑን ግን ያለ ችግር ይዘረጋል። በአይበሉባው ላይ በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ መካከል ያለው ቆዳ ደንዝዟል። የእጅ አንጓው የደም ትርታ ይዳሰሳል። ሲጨብጥ ኃይል የለውም፤ ሐኪሙ አንጓውን ቀና አድርጎ ሲደግፍለት ግን ጭብጡ ይጠነክራል። ለተማሪዎቹ የሚሰጠው ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የአጥንቱም ሆነ የነርቩ ስም አይጠቀስም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ብዙ መላምት ይወጣል። አንዱ ጅማት ተበጥሶ ይሆናል ይላል፤ ሌላው ጭንቅላቱ ተመትቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ አንዲት ተማሪ ነርቭ ነው ትላለች፣ የትኛው እንደሆነ ግን አታውቅም። የቱተሩ ሥራ እዚህ ጋ «ክርኑን መዘርጋት ለምን ቻለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህች ጥያቄ ቡድኑን «ሬዲያል ነርቭ» የሚለውን ስም ከማግኘት አሳልፋ የነርቩን መንገድ ወደ መከተል ትወስደዋለች። ነርቩ ከብብት ተነሥቶ ሂዩመረስ የተባለውን የላይኛው ክንድ አጥንት ጀርባ በጠመዝማዛ ቦይ እየታከከ ይወርዳል፤ ስብራቱ ያለው እዚያው ነው። ትራይሴፕስ የተባለውን ክርን ዘርጊ ጡንቻ የሚያዝዙት ቅርንጫፎች አብዛኞቹ ነርቩ ወደ ስብራቱ ቦታ ከመድረሱ በፊት ስለሚለዩ ክርኑ ይዘረጋል፤ ከስብራቱ በታች የሚነሡት፣ አንጓንና ጣቶችን ቀና የሚያደርጉ ጡንቻዎች ቅርንጫፎች ግን ትእዛዝ ይቋረጥባቸዋል። የትርታው መዳሰስ ብራኪያል የተባለው ዋናው ደም ቅዳ በክንዱ የፊት ገጽ በኩል እንደሚያልፍ ያስታውሳል። የጭብጡ መድከም ደግሞ፣ ጣት አጣፊ ጡንቻዎች ራሳቸው ጤነኛ ሆነው ሳሉ፣ አንጓው ሲወድቅ ርዝመታቸው ስለሚያጥር ኃይል እንደሚያጡ ያሳያል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በሁለተኛው ስብሰባ ቱተሩ ታሪኩን በጥቂቱ ይቀይረዋል። አንጓውም ክርኑም የደከመ፣ ለብዙ ሳምንታት በብብት በሚያዝ ምርኩዝ ሲሄድ የቆየ ሰው ቢመጣ ጉዳቱ የት ነው? ጣቶቹን መዘርጋት ያቃተው፣ አንጓውን ግን ወደ አውራ ጣቱ በኩል አጋድሎ ቀና የሚያደርግና ስሜቱ ያልተነካ ሰውስ? የመጀመሪያው ብብት ላይ ነው፤ የሁለተኛው ከክርን በታች፣ ቅርንጫፉ ሱፒኔተር በተባለው ጡንቻ ውስጥ በሚያልፍበት ስፍራ ነው። አንድ ነርቭ በሦስት የተለያዩ ከፍታዎች ላይ ሲጎዳ የሚያሳየውን ሦስት ዓይነት ምልክት ያስረዳ ተማሪ፣ የቅርንጫፎቹን ቅደም ተከተል በቃሉ ባይሸመድድም ያውቀዋል።

ችግር ሲዘጋጅ የሚታዩት ዋና ዋና ጉድለቶች ምንድን ናቸው?

በጣም የተለመደው አናቶሚውን እንደ ጌጥ መለጠፍ ነው። የሳንባ ምች የያዘው ታማሚ ታሪክ ይቀርብና መጨረሻ ላይ «የሳንባን ክፍሎች ዘርዝሩ» የሚል ጥያቄ ይታከላል። ተማሪው ክፍሎቹን ሳያውቅም ምቹን ሊያብራራ ይችላል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ለግዴታ ያነበዋል፣ ወዲያው ይረሳዋል። ችግሩን የጻፈ መምህር ሊያደርገው የሚገባው ፈተና ቀላል ነው፦ አናቶሚ ፈጽሞ የማያውቅ ነገር ግን ብልህ የሆነ አንባቢ ታሪኩን ሊፈታው ከቻለ፣ ችግሩ የአናቶሚ ችግር አይደለም። በአንጻሩ ሕመሙ በእምብርት ዙሪያ ጀምሮ ከሰዓታት በኋላ ወደ ቀኝ የሆድ ግርጌ የሚሸጋገር የትርፍ አንጀት ታማሚ ታሪክ፣ የውስጥ አካላትን የስሜት ነርቮችና የሆድ ግድግዳን ስሜት ሳይለያዩ ሊብራራ አይችልም።

ሌላው ጉድለት የምርመራውን ውጤት አስቀድሞ መናገር ነው። «የሬዲያል ነርቭ ጉዳት ያለበት ታማሚ» ብሎ የሚጀምር ታሪክ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጥያቄውን ገድሎታል።

የአስከሬን ዲሴክሽን ከእንግዲህ አያስፈልግም ማለት ነው?

አይደለም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ወደ ችግር ተኮር ትምህርት ሲሸጋገሩ የዲሴክሽን፣ ማለትም አስከሬንን ከፍቶ የማጥናት፣ ሰዓትን እጅግ መቀነሳቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ የዘዴው ጠባይ ሳይሆን የጊዜ ድልድል ውሳኔ ነው። የባሰው ስህተት ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ ማየት ነው። ዲሴክሽን ከሁለቱ ስብሰባዎች መካከል በሚገኘው የግል ጥናት ጊዜ ውስጥ ሲውል ዓላማው ይለወጣል፤ ተማሪው የላቦራቶሪ መመሪያን ገጽ በገጽ ለመከተል ሳይሆን «ነርቩ ከአጥንቱ ጋር የሚነካካው የት ጋ ነው?» የሚለውን የራሱን ጥያቄ ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይቀርባል። ጣቱን በጠመዝማዛው ቦይ ላይ አሳርፎ ነርቩ ምን ያህል ለአጥንቱ የቀረበ እንደሆነ የዳሰሰ ሰው፣ ስብራቱ ለምን ነርቩን እንደሚጎዳ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

አስከሬን ከማንኛውም ሥዕል ወይም የኮምፒውተር ሞዴል የሚበልጥበት አንድ ነጥብ አለ፤ እርሱም የሰው ልጅ ልዩነት ነው። ሥዕል የተለመደውን ቅርጽ ያሳያል፤ በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ግን ትርፍ አንጀቱ ከትልቁ አንጀት ጀርባ ተደብቆ፣ በሌላው ወደ ዳሌ ወርዶ ይገኛል፤ አንዱ ኩላሊት አንድ ደም ቅዳ ሲኖረው የጎረቤቱ ሁለት ሊኖሩት ይችላሉ። ወደፊት ቀዶ ሐኪም የሚሆነው ሰው ይህን ቀደም ብሎ ቢያይ ይመረጣል።

ሙሉ ዲሴክሽን ለማካሄድ አስከሬን ወይም ሰዓት በማይበቃበት ጊዜ በባለሙያ አስቀድሞ የተዘጋጀ ክፍል፣ ማለትም ፕሮሴክሽን፣ አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳል። ጉንተር ፎን ሃገንስ እ.ኤ.አ. በ1977 በሃይደልበርግ የፈለሰፉት ፕላስቲኔሽን፣ ማለትም የአካልን ፈሳሽ በፕላስቲክ የመተካት ዘዴ፣ ለረጅም ዓመታት የሚያገለግሉ፣ ሽታ የሌላቸው ናሙናዎችን ይሰጣል፤ ይሁንና መገጣጠሚያዎቹ አይታጠፉም። የኦስትሪያው ቫልተር ቲል በ1992 ያሳተሙት የአስከሬን አጠባበቅ ዘዴ በበኩሉ ከፎርማሊን በተለየ የሕብረ ሕዋሱን ልስላሴና የመገጣጠሚያዎቹን እንቅስቃሴ ስለሚጠብቅ፣ እንቅስቃሴን ለሚጠይቁ ችግሮች የተሻለ ነው። አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን ደግሞ ሕያው አካልን ስለሚያሳዩ፣ ተማሪው ወደፊት በየቀኑ የሚያየውን ምስል ገና ከመጀመሪያው ያለማምዱታል። የትኛውም ቢመረጥ አካላቸውን ለትምህርት ለሰጡ ሰዎች የሚገባው ክብር የመጀመሪያው ቀን ትምህርት አካል መሆን አለበት።

ገለጻስ ሙሉ በሙሉ ይቀራል?

ጥቂት ይቀራል፤ ሙሉ በሙሉ ግን መቅረት የለበትም። ጽንሱ ውስጥ መካከለኛው አንጀት በደም ቅዳው ዙሪያ 270 ዲግሪ እንዴት እንደሚዞር ከመጽሐፍ ለመረዳት ሰዓታት የሚፈጅ ሲሆን፣ ገመድ በእጁ የያዘ መምህር በጥቂት ደቂቃ ያሳየዋል። እንዲሁም እያንዳንዱ የአካል ክፍል ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ አጭር የመግቢያ ገለጻ፣ ተማሪዎች በመጀመሪያው ስብሰባ የሚነጋገሩበት የጋራ ቃላት ይሰጣቸዋል። ለችግሩ መልስ የሚሰጥ ገለጻ ግን ከሁለተኛው ስብሰባ በፊት መሰጠት የለበትም።

ቱተሩ የግድ አናቶሚስት መሆን አለበት?

የግድ አይደለም፤ ዳሩ ግን ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ቱተርም አይመከርም። አናቶሚስት የሆነ ቱተር ትልቁ ፈተናው ዝም ማለት ነው፤ ተማሪው ሲሳሳት ካየ ለማረም ይቸኩላል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥም ስብሰባው ወደ ትንሽ ገለጻ ይለወጣል። ከሌላ የሙያ ዘርፍ የመጣ ቱተር ደግሞ በተቃራኒው፣ ቡድኑ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ነገር ሲስማማ ላያስተውል ይችላል፤ በአናቶሚ ደግሞ ቀኝና ግራ፣ ፊትና ኋላ መቀያየር ትንሽ ስህተት አይደለም። የሚሠራው መፍትሔ፣ ከእያንዳንዱ ችግር በፊት ቱተሮች ሁሉ ተሰብስበው በአናቶሚስት አማካይነት ችግሩን ራሳቸው እንደ ተማሪ እንዲወያዩበት ማድረግና፣ ቡድኑ ሊነካቸው የሚገባ ነጥቦች፣ የተለመዱ ስህተቶችና የውይይት መቀስቀሻ ጥያቄዎች ያሉበት መመሪያ መስጠት ነው። ማርከርና ሰሌዳም ይኑር። «ሣሉልኝ» ከሚለው ትእዛዝ የበለጠ የአናቶሚ ቱተርን የሚያግዝ መሣሪያ የለም፤ በቃላት የተሸፈነ አለማወቅ በሥዕል ላይ ወዲያው ይጋለጣል።

ተማሪዎች የመማር ዓላማዎችን እርስ በርስ ተከፋፍለው ቢያነቡ ምን ችግር አለው?

ጊዜ ስለሚቆጥብ በየቡድኑ የሚፈተን አቋራጭ ነው፤ አንዱ አጥንቱን፣ ሌላው ጡንቻውን፣ ሦስተኛዋ ነርቩን ትይዛለች። ውጤቱ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ተከታታይ አጫጭር ገለጻዎች ይሆናል፤ የሚከራከርም የሚያርምም አይኖርም፣ ምክንያቱም ስለ ነርቩ ያነበበችው አንዲት ብቻ ናት። ከዚህም በላይ አናቶሚ ማለት የአጥንቱ፣ የጡንቻውና የነርቩ ዝምድና ስለሆነ፣ ሦስቱን ለሦስት ሰው ማከፋፈል ትምህርቱን ራሱን ማፍረስ ነው። ሁሉም ሁሉንም ያንብብ፤ መከፋፈል ካስፈለገ የመረጃ ምንጮች ይከፋፈሉ፣ አንዱ በአትላስ፣ ሌላው በአስከሬኑ፣ ሦስተኛው በሲቲ ምስል ላይ ተመሥርቶ ይምጣ።

በችግሮች ብቻ አናቶሚውን በሙሉ መሸፈን ይቻላል?

አይቻልም፤ በገለጻም ቢሆን ተችሎ አያውቅም። የሚቻለውና የሚያስፈልገው፣ ማንኛውም ሐኪም ሊያውቀው የሚገባውን ዋና ይዘት አስቀድሞ መወሰን ነው። ለዚህም የአካል ክፍሎችን በአንድ በኩል፣ ችግሮቹን በሌላ በኩል የያዘ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ የትኛው ይዘት በየትኛው ችግር እንደሚነሣ ይመዘገባል። ባዶ የቀረ ረድፍ አዲስ ችግር ወይም የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል፤ አምስት ጊዜ የተደጋገመ ካለ ደግሞ ይቀነሳል። ብዙ ሥርዓተ ትምህርቶች ልብና ሳንባን ደጋግመው ሲያነሡ አንገትንና የዳሌ ወለልን እንደሚዘነጉ ሠንጠረዡ በግልጽ ያሳያል። አንዳንድ ይዘቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባይነሡም ይመረጣል፤ የዳሌ ወለል ለምሳሌ ተማሪው የማዋለጃ ክፍል ተግባራዊ ልምምዱን ሊጀምር ሲል ቢመጣ የበለጠ ይያዛል።

ተማሪዎች በአናቶሚ ደካማ ሆነው ይወጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

ስጋቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተሙ ሁለት ሰፋፊ የጥናት ዳሰሳዎች፣ በዚህ ዘዴ የተማሩ ተማሪዎች በክሊኒካዊ ምዘና ከሌሎቹ እኩል ወይም የተሻሉ እንደሆኑ፣ በመሠረታዊ ሳይንስ ፈተናዎች ግን አንዳንድ ጊዜ ዝቅ ያለ ውጤት እንደሚያመጡ አመልክተዋል። አናቶሚን ለብቻው የመረመረው ጥናት የመጣው ከኔዘርላንድ ነው። በ2003 የወጣው ይህ ጥናት የ8 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን የ4ኛ ዓመት ተማሪዎች በአንድ የአናቶሚ ፈተና አወዳድሮ፣ ችግር ተኮር በሆኑት ትምህርት ቤቶች የተማሩት በዘዴው ምክንያት ያነሰ እውቀት እንዳላቸው የሚያሳይ ነገር አላገኘም። በትምህርት ቤቶች መካከል ልዩነት ነበር፤ ነገር ግን መስመሩ በዘዴው ድንበር ላይ አልተሰመረም።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ የዘዴው ስም ብቻውን ብዙ እንደማይወስን ነው። ለአናቶሚ የተመደበው ሰዓት፣ ይዘቱ በኋለኞቹ ዓመታት ተመልሶ መነሣቱ፣ ፈተናው አናቶሚን መጠየቅ አለመጠየቁ የበለጠ ክብደት አላቸው። ይሁን እንጂ የተማሪዎቹ ስሜት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ዘዴ የተማሩ ብዙዎች ውጤታቸው ደህና ሆኖ ሳለ የሚያውቁት አናቶሚ የሚበቃ አይመስላቸውም። ምን ያህል በቂ እንደሆነ በግልጽ ስላልተነገራቸው ነው፤ ዋናው ይዘት በጽሑፍ ቢሰጣቸው ይህ ጭንቀት በእጅጉ ይቀንሳል።

ምዘናው እንዴት መሆን አለበት?

ተማሪዎች የሚያጠኑት የሚፈተኑትን ነው፤ ስለዚህ በችግር አስተምሮ በስም ዝርዝር መፈተን ዘዴውን ከሥሩ ያፈርሰዋል። የተለመደው የጣቢያ ፈተና፣ ማለትም ተማሪው በሰዓት እየተዘዋወረ በፒን የተመለከቱ አካላትን የሚለይበት ፈተና፣ ሊቀር አይገባውም፤ መሻሻል ያለበት ጥያቄው ነው። ፒኑ በጉልበት ውጫዊ ጎን፣ ፊቡላ በተባለው ቀጭን የቅልጥም አጥንት አንገት ላይ በሚጠመጠመው ነርቭ ላይ ተሰክቶ «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህ እዚህ ቦታ ላይ ቢጎዳ ታማሚው ሲራመድ ምን ይታይበታል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ነርቩን ያልለየ ተማሪ መልሱን አያገኝም፤ ስሙን ብቻ የሚያውቅም አያገኝም። መልሱ የእግር መዳፍ ወደ ታች መውደቅ ነው።

ማክማስተር የጀመረው የሦስት እርከን የቃል ፈተናም ለአናቶሚ ይስማማል። ተማሪው ያልታወቀ ችግር ይቀርብለታል፤ ለጥናት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ተመልሶም ለፈታኙ ያስረዳል። ብዙ የፈታኝ ሰዓት ስለሚፈልግ ግን ለብዙ ተማሪ አይመችም። ሁሉም የትምህርት ዓመታት በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚመልሱበት የዕድገት ፈተና ደግሞ የአናቶሚ እውቀት ከዓመት ዓመት እየጨመረ ወይም እየጠፋ መሆኑን ለማየት ከሁሉ የተሻለው ነው።

አንድ ትምህርት ክፍል ከየት ቢጀምር ይመረጣል?

ከእጅ። የላይኛው ጽንፍ አካል ለዚህ ዘዴ እጅግ የተመቸ ነው፤ ነርቮቹ የተለዩ ናቸው፣ ምልክቶቹ በዓይን ይታያሉ፣ ተማሪው በራሱ አካል ላይ ሊዳስሳቸው ይችላል። ከላይ ከቀረበው ስብራት ሌላ አራት ችግሮች ቢታከሉ ክፍሉ ይሸፈናል ለማለት ይቻላል። በወሊድ ጊዜ አንገቱ ተስቦ ክንዱ የማይንቀሳቀስ ሕፃን ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ ማለትም ከአንገት ወደ ክንድ የሚሄዱትን ነርቮች መረብ፣ ያስነሣል። የጡት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ የትከሻዋ አጥንት ወደ ኋላ የሚወጣባት ሴት የብብትን ግድግዳዎች ታመጣለች። ሌሊት ጣቶቿ የሚደነዝዙባት፣ የመዳፏ መሐል ስሜት ግን ያልተነካ ሴት፣ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ በጠባቡ የአንጓ ዋሻ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፉና የመዳፉ የስሜት ቅርንጫፍ ከዋሻው ውጭ እንደሚቀር ታስተምራለች። መዳፉን ዘርግቶ የወደቀና ስካፎይድ የተባለው የአንጓ አጥንቱ ስብራት አልድን ያለው ወጣት ደግሞ ደም ወደ አጥንት የሚገባበትን አቅጣጫ ያሳያል።

በእነዚህ ላይ ቱተሮች ሲለማመዱ፣ ከእያንዳንዱ ችግር ቀጥሎ ባለው ቀን የአስከሬን ክፍሉ ክፍት እንዲሆን ከላቦራቶሪ ባለሙያዎቹ ጋር መስማማት የግድ ነው። የላቦራቶሪው መርሐ ግብር ከቡድኖቹ ስብሰባ ጋር ካልተጣጣመ፣ ተማሪው ጥያቄውን በያዘበት ቀን የተቆለፈ በር ያገኛል።